ቀይ አፈርና ባዶ እግር፦ የአካባቢና የአኗኗር ሁኔታ በፖዶኮኒዮሲስ ላይ ያለው ድርሻ

መግቢያ

የአንድ ኅብረተሰብ ጤና ከሚኖርበት መሬት፣ ከሚጠጣው ውኃ፣ ከሚሠራው ሥራና ከአኗኗር ልማዱ ተነጥሎ ሊታይ እንደማይችል ለጤና ባለሙያዎች አዲስ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ በዕለት ተዕለት የሕክምና ሥራ ትኩረቱ በአብዛኛው የሚያርፈው በሽታ አምጪ በሆኑ ተሐዋስያን ላይ ነው። ስለዚህም ያለ ምንም ተሐዋስ፣ በአፈርና በአኗኗር መገናኘት ብቻ የሚከሰት በሽታ ሲያጋጥም ስያሜው ይሳሳታል፤ ሕክምናውም አቅጣጫውን ይስታል። በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ አካባቢዎች በብዛት የሚገኘው ፖዶኮኒዮሲስ ለዚህ ግልጽ አስረጅ ነው።

ፖዶኮኒዮሲስ በተለምዶ ዝሆኔ ተብለው ከሚጠሩት የእግር እብጠቶች አንዱ ሲሆን፣ መንሥኤው ለረጅም ዓመታት በባዶ እግር ከቀይ የሸክላ አፈር ጋር መነካካት ነው። ስያሜው «እግር» እና «አቧራ» የሚል ትርጉም ካላቸው የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው። ይህንን ስያሜ ያወጡትና በሽታው ከአፈር ጋር ያለውን ግንኙነት በተለይም በኢትዮጵያ ባካሄዷቸው ጥናቶች ያሳዩት እንግሊዛዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 በመላ አገሪቱ የተካሄደው የሥርጭት ጥናት በሽታው በ345 ወረዳዎች እንደሚገኝ አመልክቷል። ጥናቱ ከተደረገባቸው ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች መካከል 4 በመቶ ያህሉ በሽታው ተገኝቶባቸዋል። ከዚህ በመነሣትም በአገሪቱ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሕሙማን እንደሚኖሩ ተገምቷል።

ይህ ጽሑፍ የአፈሩን፣ የአኗኗሩንና የተፈጥሮ ተጋላጭነትን ድርሻ በየተራ ካብራራ በኋላ፣ በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚሠሩ ባለሙያዎች ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ ያመለክታል።

የአፈሩ ድርሻ

የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች በአብዛኛው በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ በፈሰሰ ባዛልት በተባለ ድንጋይ የተሸፈኑ ናቸው። ይህ ድንጋይ በሙቀትና በብዙ ዝናብ ለረጅም ዘመናት ሲፈራርስ እጅግ የላሙ ቅንጣቶች ያሉት ቀይ የሸክላ አፈር ይሆናል። ፖዶኮኒዮሲስ በብዛት የሚታየውም ከባህር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸውና በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ በሚያገኙ እንዲህ ያለ አፈር ባለባቸው ቦታዎች ነው። ወላይታ፣ ጎጃም፣ ወለጋና ኢሉባቦር በሽታው በስፋት ከሚታወቅባቸው አካባቢዎች መካከል ናቸው።

በዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ጉዳይ ችግሩን የሚያመጣው አፈር ሕዝቡን የሚመግበው ያው አፈር መሆኑ ነው። ቀዩ አፈር ለእርሻ ምቹ፣ ዝናቡም በቂ በመሆኑ በእነዚህ አካባቢዎች ብዙ ሕዝብ ተጠጋግቶ ይኖራል። ገበሬው ከመሬቱ ሊርቅ አይችልም፤ አፈሩንም ሊለውጠው አይቻልም። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ሆኖ ከእግር ጋር የሚያደርገው ንክኪ ዓመቱን ሙሉ አይቋረጥም። ስለዚህ የመከላከሉ ሥራ ሊያተኩር የሚችለው በአፈሩና በቆዳው መካከል በሚገኘው ቦታ ላይ ነው።

አፈሩ በሰውነት ውስጥ የሚያደርሰው ጉዳት

በሰፊው ተቀባይነት ባገኘው ማብራሪያ መሠረት፣ በአፈሩ ውስጥ የሚገኙ በዓይን የማይታዩ የማዕድን ቅንጣቶች በውስጥ እግርና በጣቶች መካከል ባለው ቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባሉ። ቆዳው የተሰነጣጠቀ ወይም የቆሰለ ሲሆን መግቢያው ይሰፋል። ባዕድ ነገሮችን የሚውጡት ማክሮፌጅ የተባሉ ሕዋሳት ቅንጣቶቹን ተሸክመው ወደ ሊምፍ ቱቦዎች ይወስዷቸዋል። በሕሙማን የብሽሽት ንፍፊቶች ላይ በተደረጉ ምርመራዎች በእነዚህ ሕዋሳት ውስጥ ሲሊከን፣ አሉሚኒየምና ብረት ያለባቸው ቅንጣቶች ተገኝተዋል።

ቅንጣቶቹ በየዓመቱ እየተጠራቀሙ ሲሄዱ የሊምፍ ቱቦዎቹ ይቆጣሉ፤ ቀስ በቀስም ግድግዳቸው ይጠነክራል፤ ውስጣቸው ይጠብባል፤ በመጨረሻም ይደፈናሉ። ወደ ላይ መመለስ የነበረበት ፈሳሽ በእግር ውስጥ ይቀራል። እብጠቱ የሚጀምረው ከታች፣ ከእግር ጣቶችና ከመዳፉ አካባቢ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። በፈሳሽ የተወጠረ ቆዳ በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ ባክቴሪያና ፈንገስ ይገቡበታል፤ የሚከተለው ቁጣም የቀሩትን የሊምፍ ቱቦዎች ይጎዳል። በሽታው በተሐዋስያን ባይጀመርም እንዲባባስ የሚያደርጉት ግን ተሐዋስያን መሆናቸውን ማስታወስ ለሕክምናው መሠረት ነው።

በአንድ አካባቢ እየኖሩ ሁሉም ለምን አይታመሙም?

በአንድ መንደር፣ በአንድ ዓይነት አፈር ላይ፣ ሁሉም በባዶ እግር ሲሄዱ ኖረው በሽታው የሚይዘው የተወሰኑትን ብቻ ነው። ሕሙማኑም በተወሰኑ ቤተሰቦች ውስጥ በርከት ብለው ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 በወላይታ የቤተሰብ ሐረግን መሠረት አድርጎ የወጣ ጥናት፣ የሕሙማን ወንድሞችና እኅቶች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ አምስት እጥፍ ያህል እንደሆነ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ተጋላጭነቱ የሰውነትን የመከላከል አቅም ከሚቆጣጠሩ ዘረ መሎች ጋር የተያያዘ መሆኑ ተረጋግጧል።

ይህ ግኝት በአግባቡ ካልተብራራ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። በብዙ አካባቢዎች «በዘር የሚመጣ ነው» የሚለው አመለካከት ቀድሞውንም የሰፈነ በመሆኑ፣ የሕሙማን ልጆች ከጋብቻ ይገለላሉ፤ ወላጆችም መከላከል አይቻልም ብለው ተስፋ ይቆርጣሉ። ትክክለኛው መልእክት የሚከተለው ነው፦ በዘር የሚተላለፈው ለአፈሩ የመጋለጥ ጠባይ እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። ተጋላጭ ሆኖ የተወለደ ልጅ እግሩ ከአፈሩ ከተጠበቀ አይታመምም። ስለሆነም የቤተሰብ ታሪክ መጠየቅ ዓላማው ቀድሞ ጫማ የሚያስፈልገውን ልጅ ለይቶ ማወቅ ነው።

የአኗኗሩ ድርሻ

በሽታው በአፈር ብቻ የሚወሰን ቢሆን ኖሮ ተመሳሳይ አፈር ባለበት ሁሉ በተገኘ ነበር። ነገር ግን ቀደም ባሉት ዘመናት በሰሜን አፍሪካ አገሮችና በካናሪ ደሴቶች ይታይ የነበረው ፖዶኮኒዮሲስ ጫማ ማድረግ የሕዝቡ የዘወትር ልማድ ከሆነ በኋላ ጠፍቷል። አፈሩ ያው ነው፤ የተለወጠው አኗኗሩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 የተካሄደው የኢትዮጵያ ጥናትም ከዚህ ጋር ይስማማል። እግርን የሚሸፍን ጫማ ማድረግ፣ እግርን በየቀኑ መታጠብና ወለሉ በተሸፈነ ቤት ውስጥ መኖር በበሽታው የመያዝን ዕድል ከመቀነስ ጋር የተያያዙ ሆነው ተገኝተዋል። ሦስቱም በመድኃኒት መደብር የሚገኙ ነገሮች አይደሉም፤ ሦስቱም ከቤተሰቡ ገቢ፣ ከውኃ አቅርቦትና ከልማድ ጋር የተሳሰሩ ናቸው።

በገጠር ጫማ መኖሩ ብቻ በቂ እንዳልሆነ የጤና ባለሙያው ሊገነዘብ ይገባል። በአንዳንድ ቤተሰቦች ጫማ ለገበያ፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመስጊድና ለለቅሶ ተብሎ ይቀመጣል፤ ለእርሻ፣ ለአረም፣ ለውኃ ቀጂና ለከብት ጥበቃ ግን ባዶ እግር ይወጣል። ከአፈሩ ጋር ያለው ንክኪ የሚበዛው ደግሞ በእነዚሁ ሥራዎች ላይ ነው። ከጎማ የሚሠራው በረባሶ እሾህና ጠጠር ይከላከላል፤ ክፍት በመሆኑ ግን አቧራና ጭቃ አያስቀርም። ኮንጎ የሚባለው የፕላስቲክ ጫማ በአንጻሩ እግርን ይሸፍናል፤ ሆኖም ስለሚያልብ እግርን በየዕለቱ ማጠብና ማድረቅ፣ ቢቻልም ካልሲ መጨመር ያስፈልገዋል። ስለዚህ «ጫማ አለህ ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ስታርስ ምን ታደርጋለህ? ልጆችህስ ከብት ሲጠብቁ?» የሚለው ጥያቄ እውነተኛውን መልስ ያስገኛል።

ማጠብን በተመለከተ ኅብረተሰቡ የራሱ የሆነ መልካም ልማድ አለው። ከመንገድ የገባ እንግዳን እግር ማጠብ በብዙ የገጠር ቤቶች የአክብሮት ምልክት ነው። በጤና ትምህርት ወቅት ይህንን ልማድ መነሻ በማድረግ ለእንግዳ የሚደረገው ክብር በየምሽቱ ለቤተሰቡ እግርም እንዲደረግ ማስተማር ከባዕድ ትእዛዝ ይልቅ ተቀባይነት ይኖረዋል።

በሽታውን ለይቶ ማወቅ

ፖዶኮኒዮሲስን የሚያረጋግጥ የላቦራቶሪ ምርመራ በጤና ጣቢያ ደረጃ የለም። ምርመራው የሚመሠረተው የሕመምተኛውን የመኖሪያ ቦታና ታሪክ በመጠየቅ፣ እግሩን በጥንቃቄ በማየትና ሌሎች በሽታዎችን በማስወገድ ነው። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት መጨረሻና በወጣትነት ዕድሜ ነው። የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች በላይኛው የእግር መዳፍ ላይ የማሳከክ ስሜት፣ በተለይ ማታ ማታ ውስጥ እግርን ማቃጠል፣ የእግር ጣቶች አካባቢ መስፋትና ሌሊት አርፎ ሲያድር የሚቀንስ እብጠት ናቸው። እየቆየ ሲሄድ እብጠቱ በዕረፍት አይመለስም፤ ቆዳው ይወፍራል፤ ጣቶቹ ይደርቃሉ፤ በጣቶችና በተረከዝ አካባቢም ኪንታሮት የሚመስሉ ሻካራ እብጠቶች ይወጣሉ። በአብዛኛው ሁለቱም እግሮች ያብጣሉ፤ ሆኖም የእብጠቱ መጠን እኩል አይሆንም።

ከሊምፋቲክ ፊላሪያሲስ ለመለየት ጥቂት ነጥቦች ይረዳሉ። ፊላሪያሲስ በትንኝ የሚተላለፍና በቆላማ ቦታዎች የሚገኝ ሲሆን፣ እብጠቱ ከላይ ሊጀምርና በአንድ እግር ብቻ ሊወሰን ይችላል፤ በወንዶች ላይም የቆለጥ ከረጢት እብጠት ያስከትላል። ፖዶኮኒዮሲስ ግን ከታች ይጀምራል፤ ከጉልበት በላይ የሚወጣውም አልፎ አልፎ ነው። ከሥጋ ደዌ የሚለየው ደግሞ የእግሩ ስሜት ባለመጥፋቱና ነርቮች ባለመወፈራቸው ነው። የልብ፣ የኩላሊትና የጉበት ሕመሞችም እግር ስለሚያሳብጡ ሊታወሱ ይገባል። ይህ መለየት ተግባራዊ ውጤት አለው፤ የፊላሪያ መድኃኒት ለፖዶኮኒዮሲስ ሕመምተኛ አይፈይደውም፤ መድኃኒቱን ወስዶ ለውጥ ያላየ ሕመምተኛም ሁለተኛ ወደ ጤና ተቋም ላይመለስ ይችላል።

ሕክምናው

ሕክምናው ቀላል፣ በቤት ውስጥ ሊሠራ የሚችልና በየዕለቱ የሚደገም ነው። እግርን በንጹሕ ውኃና በሳሙና በተለይም በጣቶች መካከልና በቆዳ እጥፋቶች ውስጥ አጥቦ ማለቅለቅ፤ በመመሪያው በተመለከተው መጠን በቀጠነ ፀረ ተሐዋስያን ውኃ ውስጥ መንከር፤ በንጹሕ ጨርቅ ሳይፈትጉ ማድረቅ፤ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን ወይም ተመሳሳይ ቅባት መቀባት፤ ሲቀመጡና ሲተኙ እግርን ከፍ ማድረግ፤ ቁርጭምጭሚትንና ጣቶችን ማንቀሳቀስ፤ ባለሙያ ሲያዝም በፋሻ መጠቅለል፤ በመጨረሻም ካልሲና ሸፋኝ ጫማ ማድረግ ነው። ለአበጠ እግር በገበያ ላይ የሚገኝ ጫማ ላይሆን ስለሚችል በልክ ማሠራት ያስፈልጋል።

ሕሙማንን ከሁሉ በላይ የሚያሠቃያቸው በየጊዜው የሚነሣው ድንገተኛ ትኩሳት፣ የእግር መቅላት፣ መጋልና የብሽሽት ንፍፊት ሕመም ነው። በዚህ ጊዜ ሕመምተኛው ለቀናት ከአልጋ አይነሣም። ዕረፍት፣ የሕመም ማስታገሻ፣ እግርን ከፍ ማድረግ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ማብረድና እንደ አስፈላጊነቱ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት መስጠት ይገባል፤ ጥብቅ ፋሻ ግን እስኪሻለው ድረስ ይቆያል። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማንን አሳትፎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት፣ ከላይ የተዘረዘረውን የእግር እንክብካቤ ያገኙት ሕሙማን በአማካይ በዓመት 19.4 ጊዜ፣ ገና ያልጀመሩት ደግሞ 23.9 ጊዜ ይህ ሕመም እንደተነሣባቸው አሳይቷል። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ መጠነኛ ቢመስልም ለአንድ ገበሬ በየዓመቱ ከአራት ጊዜ በላይ ከመተኛት መዳን ማለት ነው። በእርሻና በአጨዳ ወቅት የሚተርፍ ቀን ደግሞ የቤተሰቡን የዓመት ቀለብ ይነካል።

ኢኮኖሚያዊ ጉዳቱም በዚሁ መጠን ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት 1.7 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በነበረው የወላይታ ዞን በሽታው በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ኪሣራ እንደሚያደርስ አስልቷል። ድህነት ባዶ እግር ያስኬዳል፤ ባዶ እግር መሄድ ያሳምማል፤ ሕመሙም መልሶ ያደኸያል።

መገለልና የጤና ባለሙያው ኃላፊነት

በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይሁንና ሕሙማን ከትምህርት ቤት፣ ከጋብቻ፣ ከማኅበርና ከዕድር ይርቃሉ፤ አንዳንዶቹም እግራቸውን ላለማሳየት ከቤት መውጣት ያቆማሉ። እርግማን ነው፣ የሞተ እባብ ረግጦ ነው የሚሉ አባባሎች ይህንን ያጠናክራሉ። አሳሳቢው ጉዳይ የተሳሳተ ግንዛቤ በጤና ባለሙያዎች ዘንድም መገኘቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ በደቡብ ኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት፣ ከተጠየቁት የጤና ባለሙያዎች ግማሽ ያህሉ ፖዶኮኒዮሲስን ተላላፊ አድርገው እንደሚቆጥሩትና ሕክምና ሲሰጡ እንዳይዛቸው እንደሚሰጉ አመልክቷል።

ሕመምተኛውን ከርቀት የሚያነጋግር፣ እግሩን ለመንካት የሚያመነታ ባለሙያ ለመንደሩ ሁሉ ያለ ቃል ያስተምራል። በተቃራኒው የሕመምተኛውን እግር በእጁ ይዞ፣ አጥቦና ቀብቶ የሚያሳይ ባለሙያ በሽታው እንደማይተላለፍ ከማንኛውም ንግግር በተሻለ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1998 በወላይታ የተቋቋመው የፖዶኮኒዮሲስ ሕሙማን መርጃ ማኅበር ሥራም እንዲህ ያለው እንክብካቤ ያለ ትልልቅ ሆስፒታሎች በየመንደሩ ሊሰጥ እንደሚችል አሳይቷል። ታክመው የተሻላቸው ሕሙማን ሌሎችን ሲያስተምሩ መልእክቱ ተሰሚነት ያገኛል።

ምን ሊደረግ ይቻላል?

በሽታው ባለባቸው ወረዳዎች የሚሠሩ ባለሙያዎች በማናቸውም ምክንያት የመጣን ሕፃንና ወጣት ጫማውን አስወልቀው እግሩን ማየት ይገባቸዋል። በመጀመሪያው ደረጃ የተደረሰበት እብጠት ሊመለስ የሚችል ስለሆነ ይህ ጥቂት ደቂቃ የማይፈጅ ምርመራ የአንድን ሰው ዕድሜ ሙሉ ሊለውጥ ይችላል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በቤት ለቤት ጉብኝታቸው የተሟላ ጫማ፣ የምሽት እግር እጥበትና የወለል አያያዝ ላይ ቢያተኩሩ፣ አንድ ሕመምተኛ ባለበት ቤት ደግሞ የልጆቹን እግር አስቀድመው ቢያዩ መከላከሉ ወደሚያስፈልገው ቦታ ይደርሳል። ልጅ መሄድ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ጫማ እንዲያደርግ ወላጆችን መምከር የሥራው ዋና ክፍል ነው።

ሆኖም ውኃ ለመቅዳት ረጅም መንገድ የምትሄድን እናት በየቀኑ የሰባት ሰው እግር እንድታጥብ መምከር ብቻውን ፍሬ አያፈራም። የውኃ ጉድጓድ ማስቆፈር፣ ሳሙናና ርካሽ ሸፋኝ ጫማ በአካባቢው ገበያ እንዲገኝ ማድረግና በትምህርት ቤቶች የእግር ንጽሕናን ማስተማር ከጤናው ዘርፍ ውጭ ያሉ መሥሪያ ቤቶችንም ይመለከታል። የጤና ባለሙያው በወረዳና በቀበሌ ስብሰባ ላይ በጣቢያው የተመዘገቡትን ሕሙማን ቁጥርና መንደራቸውን ይዞ ሲቀርብ የውኃና የመንገድ ዕቅድ በየትኛው ጎጥ መጀመር እንዳለበት ለማመልከት ይችላል።

ማጠቃለያ

ፖዶኮኒዮሲስ አካባቢ፣ አኗኗርና የተፈጥሮ ተጋላጭነት በአንድ ሰው እግር ላይ ሲገናኙ የሚፈጠር በሽታ ነው። ከሦስቱ አፈሩንና ዘሩን መለወጥ አይቻልም፤ በአፈሩና በቆዳው መካከል ያለውን ንክኪ ግን በጫማ፣ በውኃና በሳሙና ማቋረጥ ይቻላል። ለዚህም የሚያስፈልገው አዲስ መድኃኒት ወይም ውድ መሣሪያ ሳይሆን እግርን የሚያይ ባለሙያ፣ የሚደረስበት ውኃና በእርሻ ላይም የሚለበስ ጫማ ነው። በሌሎች አገሮች የጠፋው በሽታ በኢትዮጵያም ሊጠፋ የሚችለው በሽታው ባለበት አካባቢ የሚወለድ እያንዳንዱ ልጅ ከመጀመሪያ እርምጃው ጀምሮ እግሩ ተሸፍኖ ሲያድግ ነው።